ከኋላ መጥራት

ጉልበቴ ሥራውን የተወው ከእኔ ቀድሞ ነው። የሞግዚት ሥራ ቀኑን ሙሉ መንበርከክና መነሳት ነው፤ ጫማ ለማሰር፣ አፍንጫ ለመጥረግ፣ የተደፋ ውሃ ለማድረቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁን በቁመቱ ልክ ሆኖ ፊቱን ለማየት። ካቻምና ከተንበረከክሁበት ለመነሳት ግድግዳ መያዝ ጀመርኩ። ልጆቹ ይህንንም ጨዋታ አደረጉት። ሁለት ሦስት ሆነው ይመጡና እጄን እየጎተቱ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወይንዬ ተነሺ" ይላሉ። ስሜ ወይንሸት ነው፤ ወይንዬ የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ወጣሁ። ወረቀቱን ለመጨረስ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላልሻለሁ፤ ያለፈበት ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አልጽፈውም።

ጽሑፍ ልማዴ አይደለም፤ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው በክፍላችን አዲስ የተመደበችው መምህር ሕይወት "የምታውቂውን ንገሪኝ" ስላለችኝ ነው። እሷ ስለ ሕፃናት ኮሌጅ ገብታ ተምራለች። እኔ ምን እነግራታለሁ ብዬ ከመውጣቴ በፊት ጥቂቱን ብቻ ነገርኳት። ክረምቱን ቤት ስቀመጥ ግን ሌላውም አንድ በአንድ መጣልኝ። ከማውቀው አብዛኛውን ያገኘሁት ከአንዲት ሴት እጅ እያየሁ ነው። የቀረውን ያወቅኩት በአንዲት ልጅ ላይ አጥፍቼ ነው። ያቺ ልጅ በመስከረም ትምህርት ቤት ትመለስ፣ አትመለስ ሳላውቅ ነው ክረምቱ ያለፈው።

ሥራ የጀመርኩት ከዲላ ወጥቼ አሪቻ ነው፣ እሸት ቡና በሚፈለፈልበትና በሚታጠብበት ጣቢያ። ያን ጊዜ ሞግዚት አልነበርኩም፣ ቡና ለቃሚ ነበርኩ። የታጠበው ቡና ሽቦ በተወጠረበት ረጅም የእንጨት አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመን የተሰበረውንና የጠቆረውን እናወጣለን። ሕፃን ያላት በጀርባዋ ታዝላለች፤ መራመድ የጀመረውን አልጋው ሥር ታስቀምጠዋለች። ጥላ ነው፣ ከእግሯም አይርቅም። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ናትናኤልን እዚያ አስቀምጠው ነበር። ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ፤ አሥር ፍሬ ሳልለቅም ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ።

"ወይንሸት፣ ቡናው እኮ ከላይ ነው ያለው" ይለኛል ተቆጣጣሪው። ሴቶቹ ይስቃሉ።

ያን ሁሉ ጎንበስ ብዬም አንድ ቀን ልጄ የቡና ፍሬ አፍንጫው ውስጥ ከተተ። በጣቴ ላወጣ ስሞክር ይብስ ወደ ውስጥ ገባ። ጮኽኩ። ከግቢው በር አጠገብ የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ የሠራተኞቹ ልጆች የሚውሉባት። ከዚያች ክፍል አንዲት ወፍራም ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። እትዬ ማርታ ትባላለች፣ የጌዴኦ ሰው ናት፣ ልጆቹን የምትጠብቀው እሷ ናት።

"እጅሽን አንሺ" አለችኝ።

"ይታፈንብኛል።"

"በአፉ እያለቀሰ አይታፈንም። አንቺ ላወጣ ስትይ ነው የምታስገቢው። ቁጭ በይ።"

አስቀመጠችኝ። ባዶውን ቀዳዳ በጣቴ እንድዘጋ፣ አፌን ልስመው እንደሆነ ሁሉ አፉ ላይ ገጥሜ አንድ ጊዜ አጠር አድርጌ እንድነፋ ነገረችኝ። ነፋሁ። ፍሬዋ ወጥታ ጉንጬ ላይ ተለጠፈች።

"ለምን አንቺ አላደረግሽውም?" አልኳት ስረጋጋ።

"እኔ ብጠጋው ይፈራል። ልጅ ከእናቱ አፍ አይሸሽም።" ከዚያ ናትናኤልን ተቀብላኝ እያየችኝ "አንቺ እንዲህ እየፈራሽ የማንንም ቡና አትለቅሚም። እኔ ጋ ነይ" አለች።

ለጣቢያው ኃላፊ ምን እንዳለችው አላውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት የቆርቆሮዋ ክፍል ረዳት ሆንኩ። ክፍያው ከለቀማው ያነሰ ነበር። ልጄ ግን ዓይኔ ሥር ዋለ።

የማርታ ክፍል ወለሉ አፈር ነው። ጠዋት ጠዋት የእንሰት ቅጠል ትዘረጋና በላዩ ሰሌን ታነጥፋለች። መጫወቻው ክር ላይ የሚሰካ ቆርኪ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና አንድ ቀዳዳ ጄሪካን ነው። ሌላ አልነበረም። ሥራውን በቃል አስተምራኝ አታውቅም። እሷ ትሠራለች፣ እኔ አያለሁ።

ልጅ ስታጥብ አፏ አያርፍም። "አሁን እጅ መጣች። አሁን ክርን መጣች። ክርን ዛሬ የት ውላ ነው እንዲህ የቆሸሸችው?" ትላለች በጌዴኦኛ። ገና አንገቱ ካልጠና ሕፃን ጋር ሳይቀር እንደ ጎረቤት ታወራለች። "ምን ይገባዋል ብለሽ ነው?" አልኳት አንድ ቀን። "ዘር የሚበቅለው ዝናቡ ምን እንደሆነ ገብቶት ነው?" አለችኝ።

ቆጮ ስታበላ አታጎርስም። ቁራሹን ልጁ እጅ ላይ ታደርጋለች። ግማሹ ወለል ላይ ይወድቃል፣ እኔ እየተናደድኩ እጠርጋለሁ፣ እሷ ሌላ ትሰጠዋለች። እናት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ስትሰጣት ተቀብላ አታዝልም፤ መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች። "ቀኑን ሙሉ ከታዘለ ዓለምን የሚያውቃት በእናቱ ማጅራት ነው" ትል ነበር። ክፍሉ ሲንጫጫ ተቀምጣ ቀሚሷን ትጥፋለች። ጸጥ ሲል ነው መርፌዋን አስቀምጣ የምትነሳው። "ዝም ካሉ አንድ ነገር አለ።" አንድ ነገርም አይጠፋም፤ አንዱ አፈር ይበላል፣ አንዱ የጓደኛውን ፀጉር በጥርሱ ይነቅላል።

ከሁሉም ልማዷ ያልገባኝ አንድ ነው። ጠዋት ልጆቹ ከእናቶቻቸው ተለይተው ጨዋታ ከጀመሩ በኋላ ማርታ በኋላቸው ትዞራለች። ከእያንዳንዱ ጀርባ ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ ትቆምና ስሙን በቀስታ ትጠራዋለች። ልጁ ዞር ይላል፣ ራሱን ዳሰስ አድርጋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ያልዞረ ካለ በሌላው ጎኑ ሄዳ እንደገና ትጠራዋለች። ጊዜ ይፈጃል። በጉንፋን ድምፅዋ የተዘጋ ጊዜ እንኳ በጣቷ የጄሪካኑን ቂጥ እየመታች ዞራለች። የድብብቆሽ ዓይነት መስሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

አሪቻ ብዙ ዓመት ሠራሁ። እዚያ ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ቡና በሚደርስበት ወቅት ልጆቹ ጥሩ ይበላሉ፣ እናቶቻቸው ግን አያገኟቸውም፤ ከጨለማ እስከ ጨለማ አልጋው ላይ ናቸው። ወቅቱ ሲያልፍ እናት ቤት ትቀመጣለች፣ ማጀቱ ግን ባዶ ይሆናል። ልጁ በአንደኛው ወቅት ሆዱ ሞልቶ ዓይኑ ይፈዛል፤ በሌላው ዓይኑ በርቶ ጉንጩ ይጎድላል። ሁለቱን በአንድ ላይ ያገኘ ልጅ ቶሎ ነው የሚለየው፤ ጥያቄ ይጠይቃል። ማርታ "ልጅ በአንድ ጡት አያድግም" ስትል ይህንን መሆን አለበት።

ናትናኤል ለትምህርት ሲደርስ ወደ ዲላ ተመለስኩ። ማርታም ደክሟት ኢዲዶ ወዳለው የወንድሟ ቤት ገባች። እኔ ከተማው ውስጥ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ተቀጠርኩ። ጡረታ የወጣሁት ከዚያ ነው።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሰብለ ትባላለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ልጆቹን በብርድ ጊዜ በራሷ ሻርፕ ስታለብስ አይቻለሁ። በአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ ነበር፤ ያለነው አንዲት መምህርና እኔ ነን። ወላጅ በመስኮት ሲያይ ልጆቹ እጃቸውን አጣምረው ከተቀመጡ "ጎበዞች ናችሁ" ብሎ ይሄዳል። ከተንጫጩ ቢሮ ገብቶ ያማርራል። ስለዚህ ሰብለ ጸጥታ ትፈልግ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ማርታ በኋላቸው እየዞርኩ መጥራት ስጀምር "ወይንሸት፣ ሰልፉን እየበተንሽብኝ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አንዱን ስጠራ ሦስቱ ይዞራሉ። ተውኩት። ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ለመተው አልከበደኝም።

ዓርብ ዓርብ "የሳምንቱ ጨዋ ልጅ" ይመረጣል። ከካርቶን የተሠራ፣ ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት ዘውድ አለ። የሚመርጡት መምህሯና ዳይሬክተሯ ናቸው፣ ጭንቅላት ላይ የማደርገው እኔ ነኝ። በየሳምንቱ አዲስ ዘውድ የምሠራውም እኔ ነበርኩ፤ እጄ ለሙጫ ጥሩ ነው።

መሠረት የምትባል ልጅ አራት ዓመቷ ላይ መጣች። አባቷ አቶ በራሶ ጪጩ መንደር ቡናና እንሰት ያለው ገበሬ ነው። እናቷ ዓለሚቱ ዲላ ቡና መጋዘን ትለቅማለች፤ ጠዋት ልጇን እኛ ጋ ጥላ ወደ መጋዘኗ ትሄዳለች። መሠረት ባስቀመጧት ቦታ ትቀመጣለች። አትሮጥም፣ አታለቅስም፣ አትናገርም። ሌሎቹ ሲነሱ አይታ ትነሳለች፣ ሲያጨበጭቡ አይታ ታጨበጭባለች፣ ሁልጊዜ አንድ ጭብጨባ ዘግይታ። ሰብለ "የገጠር ልጅ ናት፣ አማርኛው ገና ነው፣ ይመጣል" አለች። ጌዴኦኛ ተናጋሪው ዘበኛችን በር ላይ ሰላም ሲላት ፈገግ ብላ ታልፋለች። እሱ ደግሞ "ይቺ ከተማ ገብታ ቋንቋዋን ትታለች፣ በአማርኛ ካልሆነ አትመልስም" ይለኝ ነበር። አማርኛ የሚናገረው ጌዴኦኛ ነው የምትሰማው ይላል፤ ጌዴኦኛ የሚናገረው አማርኛ ነው ይላል። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ሁለቱንም አመንኩ።

ጆሮዋ ይፈስ ነበር። እናቷን ስጠይቃት "ጥርስ ሲያወጣ ጀምሮ ነው፣ ቅቤ አደርግለታለሁ" አለችኝ። የዓለሚቱ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ልጇን አንዴ እሱ አንዴ እሷ ትላታለች። እኔ ንጹሕ ነገር እወዳለሁ። ልጆቹ ሸተተች ብለው እንዳይሸሿት በየጠዋቱ ከበሩ ስትገባ ወደ ጥግ ወስጄ ሁለቱንም ጆሮዋን በጥጥ እጠርግላታለሁ። ጥጡን በወረቀት ጠቅልዬ ጉድጓድ እጥለዋለሁ። ስለዚህ ማንም አላየም። ጠንቃቃ ሴት ባልሆን ኖሮ አንድ ሰው በሳምንቱ ያየው ነበር።

አራት ዓርብ ተከታትላ ዘውዱን ወሰደች። ሰብለ ለክፍሉ "መሠረትን እዩ፣ እንደ መሠረት ሁኑ" አለች። እኔም ዘውዱን ጭንቅላቷ ላይ እያስተካከልኩ "የእኔ ጨዋ" አልኳት። አፌን አየችኝ። ዘውዱን ይዛ ወጣች።

በሁለተኛው ዓመቷ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን እናቷ ዘግይታ ስለነበር እኔ አጅቤያት ወጣሁ። ከበሩ ወጥተን ሽንኩርት ለመግዛት እጇን ለቀቅኩ። መንገዱ ዳር አንድ ቆርኪ አየች መሰለኝ፣ ወደ አስፋልቱ ሄደች። ባጃጅ ከኋላዋ መጣ። ጥሩምባውን ነፋ። ደጋግሞ ነፋ። ሽንኩርት ሻጯ ዞረች፣ ውሻው ዞረ፣ እኔ ዞርኩ። መሠረት ጎንበስ ብላ ቆርኪዋን ታነሳለች። ባጃጁ ፍሬን ይዞ ቀሚሷን ነክቶ ቆመ። ያኔ ነው ቀና ያለችው፤ ሰው ከፊቷ ድንገት የተገተረ ያህል ደነገጠች።

ሾፌሩ ወጣት ነው። አንገቱን አውጥቶ "ማዘር፣ ልጅቷ ደንቆሮ ናት እንዴ?" አለኝ።

ሊሰድበን ነው የተናገረው። ስልሳ ልጅ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ዓመት ተኩል ያላዩትን እሱ በአንድ ደቂቃ አየው።

በማግስቱ ጠዋት ጆሮዋን አልጠረግኩም። ቆርኪ ስትሰካ ከኋላዋ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆምኩና እንደ ማርታ ጠራኋት። "መሠረት።" አልዞረችም። በጌዴኦኛ "ነይ" አልኳት። አልዞረችም። በቀኝ ጎኗ ሄጄ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ትከሻዋ ትንሽ ነቃ አለ፣ ዞር ግን አላለችም። የገንፎ ድስት ክዳን አንስቼ በማንኪያ መታሁ። ሃምሳ ዘጠኝ ልጅ ዘሎ አየኝ። እሷ ቆርኪዋን ሰካች።

ተንበረከክሁ። መነሳት አቃተኝ። ግድግዳ መያዝ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ለሰብለ ስነግራት መጀመሪያ "አማርኛው ነው አልኩሽ እኮ" አለች። ክዳኑ አማርኛ አይደለም አልኳት። እናቷን አስጠራች። ዓለሚቱ ደግሞ "ቤት ይሰማል፣ እኔ ስጠራው ይመጣል" ብላ ተቆጣች። ቆይታ ግን "ልብሱን ሳብ ሳደርገው" አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዓለሚቱ፣ መሠረትና እኔ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ጆሮዋን ረጅም ጊዜ አየ። መግሉ ውስጡን ጎድቶታል፤ ግራው የለም፣ ቀኙ ጥቂት ይሰማል አለ። ሲጀምር ቢመጣ ሌላ ነበር አለ። ለመስሚያ መሣሪያ ወደ ሐዋሳ የሚወስድ ወረቀት ጻፈልን። መድኃኒቱ መግሉን አደረቀው። መሣሪያው ይህን እስክጽፍ ድረስ አልተገኘም።

በዚያ ቅዳሜ ኢዲዶ ሄጄ ማርታን ፈለግኋት። ዓይኗ ደክሟል፣ በር ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሁሉንም ነገርኳት። "ለምን እንደምትጠሪያቸው ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ስናገር ቁጣ ነበረብኝ።

"አልጠየቅሽኝም።"

"የምታውቂውን ብትነግሪኝ ኖሮ አልተወውም ነበር።"

"ምን አውቄ? ሐኪም ነኝ?" መፈልፈሉን አቆመች። "የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሆነው ደደብ ነው ብለን ስንመታው ኖርን። ስንጠራው ሰምቶ እንቢ ያለ መስሎን፤ ለካ አይሰማም። ከዚያ በኋላ ፈራሁ። ስፈራ እጠራለሁ። ሌላ ነገር አላውቅም።" ትንሽ ቆይታ "አንቺን የወሰድኩሽ ፈሪ ስለሆንሽ ነበር" አለችኝ። "ምነው የፈራሽው ሽታውን ብቻ ሆነ?"

ባቄላ ፈልፍዬላት ተመለስኩ።

መሠረት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቀረች። አባቷ ነው ያስቀራት። ዓለሚቱ ብቻዋን ወደ መጋዘኗ ስታልፍ ከበሩ ላይ አየኋት፤ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ጪጩ ሄድኩ። ቤታቸው ከመንገዱ ወደ ላይ ነው፣ በእንሰትና በቡና መካከል። አቶ በራሶ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። ቀና ስል አራቱ ዘውዶች ከቤተ ክርስቲያናቸው ካላንደር ጎን ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅለዋል።

"እትዬ ወይንሸት፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም" አለ። "አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ይኼን ማነው የላከው?"

"እኛ ነን።"

"ለምንድነው የላካችሁት?"

"ጨዋ ናት ብለን።"

"አሁን ደግሞ አትሰማም ትላላችሁ። መንደሩን ጠርቼ አሳይቻለሁ እኔ ይኼን። ሁለቱ እንዴት አብሮ ይሆናል? ከሁለት አንዱ ውሸት ነው።"

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ መድኃኒቱ። ጠፋብኝ።

"ውሸቱ ዘውዱ ነው" አልኩት። "ዝም ያለችው ስላልሰማችን ነው። ዘውዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጭንቅላቷ ላይ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ጆሮዋንም በየጠዋቱ እየጠረግኩ የደበቅኩት እኔ ነኝ። አስቤ ደብቄው አይደለም፣ ግን ተደበቀ።"

ወደ ደጅ አየ። መሠረት ደጅ ላይ ዶሮ እያየች ነበር። ስንናገር አንድም ጊዜ አልዞረችም።

"እዚህ ትዋል" አለ በመጨረሻ። "ቡና ታሰጣለች፣ ዶሮ ትጠብቃለች። ማንም አይስቅባትም።"

"ማን ያናግራታል?"

"እኛ አለን።"

"እርስዎ ማሳ ነዎት፣ ዓለሚቱ መጋዘን ናት። ዶሮዋ ናት የምታናግራት?"

ሳይወድ ከንፈሩ ፈገግ አለ። "ዶሮዋስ ከእናንተ ትሻላለች። ቢያንስ ዘውድ አትሰጥም።"

ይህንን ተቀበልኩ፣ ይገባኛል። ከዚያ የማደርገውን ነገርኩት። ከፊቷ ሳልሆን አላናግራትም። በቀኟ አስቀምጣታለሁ። ትከሻዋን ሳልነካ አልጠራትም። ስትታጠብ፣ ስትበላ፣ ጫማ ስታደርግ አፌን እያየች እያንዳንዱን እነግራታለሁ። ትናገራለች ብዬ ቃል አልገባም አልኩት። ዘውድ ግን ከእንግዲህ በእጄ አልሠራም።

ተነስቶ አራቱንም ከግድግዳው አወረዳቸው። አልቀደዳቸውም፤ አጣጥፎ ሳጥን ላይ አስቀመጣቸው። "አንቺ እስካለሽ ትምጣ" አለ። "አንቺ የሌለሽ ቀን እኔው ወደ ቤት እመልሳታለሁ።"

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ቆየን። ሰብለም ተለወጠች፤ የመሠረትን ወንበር ራሷ ከመስኮቱ አርቃ ከፊት አስቀመጠችላት፣ የዓርቡንም ዘውድ አስቀረች። ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ለመዱ። ሲፈልጓት ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ከፊቷ ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹ የሚሰማውንም ልጅ እንዲህ ማድረግ ጀመሩ። ቃል ዘግይቶ መጣ። መጀመሪያ "ውሃ" አለች፣ ሃውን ውጣ። ከዚያ "ነይ"። ከዚያ ሁላችንም ሳንጠብቅ፣ አንዱ ልጅ ቆርኪዋን ሲነጥቃት "የኔ" ብላ ጮኸች፤ ፀጉሩንም ያዘች። እያለቀሰ መጥቶ ሲከሳት ደስ አለኝ። ደስታዬን ግን እንዳያይብኝ ተቆጣሁ። ዛሬም ንግግሯን የሚረዳት የለመዳት ሰው ብቻ ነው። ጠፍቶ የቀረው ጊዜ አልተመለሰም፣ አይመለስም። ይህንን ሳስብ ነው የሚደክመኝ፣ ከጉልበቴ ይልቅ።

ዕድሜዬ ደርሶ እንደምወጣ ሲታወቅ አቶ በራሶ ሰኔ ላይ መጣ። "ታዲያ?" አለኝ። አዲሷ መምህር ሕይወት ጎበዝ ናት አልኩት። "አንቺ ያልኩት አንቺን ነው" አለ። "በመስከረም እናያለን።" ከዚያ በላይ አልተናገረም።

የቀረኝን ሁለት ሳምንት ሕይወትን በመንገር ጨረስኩ። ስለ መጥራቱ ስነግራት ሳቀች፣ በክፋት አይደለም። "ይሄንንማ ተምረነዋል፣ የመስማት ችሎታ ማጣሪያ ነው" አለች።

"ታደርጊዋለሽ?"

"ፈተና ላይ በደንብ ነው የጻፍኩት።"

"በጠዋት ስልሳ ልጅ እየተንጫጫ፣ ዳይሬክተሯ ሰልፍ እያለች ታደርጊዋለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።"

ስለ ማርታ የእህት ልጅ ነገርኳት። ማርታ በጊዜው ያልነገረችኝን፣ ምክንያቱን፣ እኔ ለሷ ነገርኳት። ስለ ጥጡም ነገርኳት። እሱን ስነግራት አልሳቀችም።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት በጠዋት ወጣሁ። ልጆቼን ሽንኩርት ልገዛ ነው አልኳቸው። ናትናኤል "እማዬ፣ ሽንኩርት ማጀት ሞልቷል" አለኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ቆምኩ። ግቢው ጭቃ ነበር። ልጆች አንድ በአንድ ይገባሉ፣ አዲሶቹ ያለቅሳሉ። ከንፈሬ ሳላዘው ይቆጥራል።

አቶ በራሶ በሞተር መጣ። መሠረት ከፊቱ ተቀምጣለች፣ ቦርሳ አላት። አወረዳት፣ ሞተሩን ግን አላጠፋውም። እግሩን መሬት አድርጎ በክፍቱ በር ወደ ግቢው ያያል። መሠረት ገብታ እንደ ድሮው ፊቷን ወደ ባንዲራው እንጨት አድርጋ ቆመች።

ሕይወት ወጣች። አዲስ ረጅም ጉርድ ለብሳለች። ሰልፍ ገና አልተጀመረም። በልጆቹ ኋላ ሄደች፣ ከአንዱ ጀርባ ቆማ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ልጁ ዞረ። ወደምትቀጥለዋ ልጅ ሄደች፤ እሷም ዞረች። ሦስተኛዋ አልዞረችም፣ በሌላ ጎን ሄደችባት፣ ዞረች። እንዲህ እየሄደች መሠረት ጋ ደረሰች፣ በግራዋ በኩል። ጠራቻት። መሠረት እንጨቱን ታያለች። አባቷ መሪውን ጨብጧል። ማዶ ሆኜ የበረንዳውን ግድግዳ ያዝኩ።

ሕይወት ዞራ ከፊቷ መጣች። ጉርዷን ሳትሰበስብ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፣ ትከሻዋን ነካ አድርጋ አንድ ነገር አለቻት። ምን እንዳለች አልሰማሁም። መሠረት አፏን አየች፣ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ በእጇ "ሂድ" አለችው።

አቶ በራሶ ትንሽ ቆየ። ማዶ ቆሜ አይቶኛል መሰለኝ፣ ግን አልጠራኝም። ሞተሩን አዙሮ ብቻውን ወደ ጪጩ ሄደ።

ሕይወት ጭቃውን ከጉርዷ አራገፈችና ግድግዳ ሳትይዝ ተነሳች።